በሀጃ ግቢ የተቆፈረው ቦይ

ክረምት በገባ ቁጥር የባሌ እናት ከጎጃም ይደውላሉ። «ዝናቡ ተመስገን ነው፣ ማሳው ጠግቧል» ሲሉ እኔ ካርቱም ላይ ወንዙን ማየት እጀምራለሁ። እዚያ ከማሳው የተረፈው ወደ አባይ ይወርዳል። አባይ ሲሞላ ደግሞ ነጩን አባይ እየገፋ ወደኛ ሰፈር ወደ ካላክላ ይመልሰዋል። ይህን ያስረዱኝ አከራያችን ሀጃ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ወንዝ ዳር የኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ ሟች ባላቸው ከሠሩላቸው ሁለት የጭቃ ክፍሎች አንዱን ለእኛ አከራይተው በሌላው ይኖራሉ።

የሱዳኑ ገዥ በአብዮት ከሥልጣን ወርዶ ሰፈሩ ሁሉ «ከእንግዲህ ሁሉም ይስተካከላል» ሲባባል በነበረበት ጊዜ የእናትዬው ስልክ እንደ ልማዱ መጣ። ባሌ ወዲያው ዶማ አነሳ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለኝ።

ደገኛ አይደል፣ የሚያውቀው ጎርፍ ከተራራ የሚወርደውን ነው። በአገሩ ክረምት ሳይገባ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ያልቆፈረ ሰነፍ ይባላል። ውሃ እንዲያስወጣለት ብሎ ከሀጃ ግድግዳ ጀምሮ በወንዙ በኩል እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ጥልቅ ቦይ ቀደደ። ለሀጃ ብሎ ነው የደከመው። ከእናቱ ለይቶ አያያቸውም ነበር።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እዚህ ውሃ ከላይ አይወርድም» አሉት ሀጃ። «ከታች ነው የሚመጣው። ድፈነውና ጆንያ ሙላ።»

«ኢንሻአላህ ሀጃ፣ ዝናቡ ሲያባራ» አላቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ወንዙ ሲነሳ፣ በአብዮቱ ጊዜ መንገድ ይዘጉ የነበሩት የሰፈሩ ወጣቶች ጆንያ በአሸዋ እየሞሉ በመንገዱ ጫፍ ደረደሩ። እኔም ሞላሁ። ጆንያው አለቀ፤ ተጨማሪ ይዞ ይመጣል የተባለው መኪና እስከ ዛሬ አልመጣም። ያም ሆኖ ድርድሩ ያዘ። ውሃው ያገኘን በቦዩ ነው። ከጆንያው ሥር ሾልኮ፣ በተቀደደለት መንገድ ቀጥ ብሎ የሀጃ ግድግዳ ሥር ተኛ። ባሌ ፍራሻችንን ሳይቀር ወተፈበት፤ ምን ዋጋ አለው። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ከራሰ አይቆምም። ሀጃን ተሸክሞ እንዳወጣቸው ጣሪያው ወረደ፣ የእኛም ክፍል ተከተለ።

ከፍ ያለው አስፋልት ላይ አልጋቸውን አውጥተን አስቀመጥናቸው። አንድ ቃል አልወቀሱትም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፣ እኔም ያን ጊዜ በእሳቸው መናደድ እችል ነበር። ቤቱን ዳግም የሚሠራላቸው ሰው የለም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ፍርስራሹን ብቻ ያዩ ነበር።

እዚያው እንደቆምን ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው፤ ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

«ዝናቡ እንደያዘው ነው፣ ልጄ። ጤፉ እንዲይዝልን ትንሽ ይጨምርልን በል እንጂ።»

ባሌ ሀጃን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረና «አሜን» አለ።