በሰም የተደፈነው ጎማ

የአባቴ አሮጌ ፒክአፕ ሚኒሞ አልይዝ አለ። ነዳጅ ካልተረገጠ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። ኮፈኑን ከፍቼ ባዳምጥ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ያፏጫል። ስንጥቁን በጣቴ ስይዘው ሞተሩ ረጋ።

«ጎማው ይቀየር፣ አባቴ» አልኳቸው።

ጎረቤት ጠርተው ሳቁብኝ። «አረብ አገር የሰው መኪና ሲያጥብ ከርሞ መካኒክ ነኝ ይለኛል!»

ከቀፏቸው ሰም አምጥተው ስንጥቁን ደፈኑት። ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ሠራ። ያ ሁሉ ደንቆሮ አጨበጨበላቸው።

በማግስቱ ሙሽራዋን እህቴን ከነሠርገኛው ጭነን የሰቆጣን ዳገት ወጣን። አናቱ ላይ አባቴ እግራቸውን ከነዳጁ ሲያነሱ መኪናው ቀጥ አለ። ኮፈኑን ከፈቱ፤ ሰሙ ቀልጦ ይንጠባጠባል። በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ምን ነካካህበት?» ብለው በዚያው እጅ፣ በሠርገኛው ፊት፣ በጥፊ አጮሉኝ።

ሰሙ ጉንጬ ላይ ረጋ።