ውጪ ያደረችው ወንዛዬ

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ገደልሁት። በክፋት አይደለም፤ በእውቀት ነው። ጎንበስ ብዬ ፊቴን ስታጠብ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ባልዲው ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ ጠርጎ ወደሚያውቅ ሰው ይሮጥ ነበር። እኔ ግን የሚያውቀው ሰው ራሴ ነኝ ብዬ ውሃውን አራገፍሁ፤ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አናቱን ወደ ሰማይ አቁሜ አስደገፍሁት፤ ከዚያም ገብቼ ቁርሴን በላሁ። ጎረቤቴን ስለ ዘንድሮ ዝናብ ስከራከረው ቆይቼ ብመለስ ስልኩ ሆዱ ተነፍቶ መስታወቱ ተገንጥሎ ጠበቀኝ።

እዚሁ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ስልክ ወደምትጠግን አንዲት ልጅ ዘንድ ወሰድሁት። አገላብጣ አየችውና መፍቻዋን አስቀመጠች፤ ሐኪም መሣሪያውን ሲያስቀምጥ ደግሞ ነገሩ ይታወቃል።

"አባባ፣ ምን አደረጉት?"

"አደረቅሁት።"

"እንዴት አድርገው?"

"አቁሜ።"

ማን እንዲህ እንዳስተማረኝ ስትጠይቀኝ ዓይኔ ከኋላዋ ወዳለው ኮምፒውተር ሄዶ ነበር። ጥቁር ሰማይ ላይ አንዲት ግማሽ መርከብ ተንሳፍፋለች፤ ጭራዋ ላይ ሞተር ሊለጠፍላት ነው። እኔ ስገባ ነው ልጅቷ ሥራዋን ያቋረጠችው። የማን እንደ ሆነች ብጠይቃት የራሷ እንደ ሆነች፣ ጨዋታ እንደ ሆነ ነገረችኝ።

"ታዲያ ሲመሽ የት ታድራለች?" አልኋት።

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ከጎርጎራ በጀልባ ተሻግሬ ባሕር ዳር ገብቼ፣ ሐይቁ ዳር ባለች የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተቀጥሬ ነበር። አስተማሪ ነበርሁ ስል ባለቤቴ ዘይነብ አቧራ ጠራጊ ነበርህ ብላ ታርመኛለች። ሁለታችንም ልክ ነን፤ ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት አስተምራለሁ፣ ተማሪ ሲጠፋ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜም ይጠፋ ነበር፣ መርከብ እሠራለሁ።

ጨዋታው ከአዲስ አበባ በሲዲ የመጣ ነው። በጠፈር የሚሄድ መርከብ ከቁርጥራጭ ትገጣጥማለህ፤ ሞተሩን፣ የነዳጅ ቋቱን፣ መድፉን እያነሳህ ትለጥፋለህ። ከዚያ መርከቦቹን በቡድን አሰልፈህ ይህችን ለጭነት፣ ያችን ለጥበቃ፣ ሌሎቹን ለውጊያ ታሰማራለህ። የጠላትን ምሽጎች አንድ በአንድ ይዘህ የመጨረሻውን ስትይዝ አሸነፍህ ማለት ነው። እኔ የመጨረሻውን ምሽግ በሩቁ እንጂ በቅርቡ አይቼው አላውቅም።

ዘይነብ ያን ጊዜ በማሠልጠኛው ጀርባ የጠበሰችውን ቆሮሶ አሳ ከዳጉሳ ቂጣ ጋር ለምሳ ትሸጥ ነበር። ያን ክረምት በበላሁት አሳ ብዛት ሐይቁ ራሱ ሳይታዘበኝ አልቀረም። እሷ አሳ የምወድ ይመስላት ነበር። ከጎርጎራ የመጣ ሰው አሳ ናፍቆት አያውቅም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ ኢብራሂም የታወቁ ታንኳ ሠሪ ነበሩ፤ በዚያ ክረምት ለታንኳ የሚሆን ደንገል ተሸክመው ጭቃ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ቤት ውለዋል። አንድ የጨርቅ ነጋዴም ከእኔ ቀደም ብሎ ሽማግሌ ልኳል። ጋሽ ኢብራሂም የእኔን ሽማግሌዎች ልጁ ምን ይሠራል ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌዎቼ ተያዩና፣ መስኮት የመሰለ ነገር ፊት ይቀመጣል አሉ። ይከፈታል ወይ? አይከፈትም። እንግዲያው መጥቼ ልየው ብለው ሸኟቸው፤ እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ።

እንዲህ ያለ እንግዳ የሚመጣው ደግሞ ሥራ ላይ ሳለህ አይደለም። በዱላ እየተደገፉ በር ላይ ሲቆሙ እኔ ውጊያ መሐል ነበርሁ።

"ምንድን ናቸው?" አሉ።

"መርከቦች ናቸው ጋሼ። በሰማይ የሚሄዱ።"

"ማን ሠራቸው?"

"እኔ።"

ወንበር ስቤ አስቀመጥኋቸው። እግራቸውን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩ። ነገሩ የሠመረልኝ መሰለኝ።

"ሲመሽ የት ያድራሉ?"

"እዚያው ናቸው።"

"እዚያው? ውጪ?"

ተነሡ። "ዕቃውን ውጪ የሚያሳድር ሰው..." ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ወጡ። የቀረውን ዱላቸው በረንዳው ላይ እየኳኳ ጨረሰልኝ።

ሐይቁን ለማያውቅ ላስረዳ። የደንገል ታንኳ ውሃ ትጠጣለች። ቀኑን ስትቀዘፍ ትውልና ትከብዳለች፤ ውሃ ላይ ካደረች ትበሰብሳለች። ስለዚህ ባለቤቷ የቱንም ያህል ቢደክመው፣ አሳውም የቱንም ያህል ቢገኝ፣ ሳይመሽ ጎትቶ ያወጣታል፤ ዛፍ ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፎ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቁሞ ያደርቃታል። በጋሽ ኢብራሂም ሰፈር የሰው ጠባይ የሚመዘነው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ መርከቦቼን በሙሉ ጨለማ ላይ በትኜ ልጃቸውን ስጡኝ እላለሁ።

ብልሃት ፈለግሁ። የጨዋታው ሆድ ዕቃ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ከፍተህ ቁጥሩን ብትለውጥ የመርከቧ ክብደት ይለወጣል፣ ፍጥነቷም ይለወጣል። ዛሬ ልጆች ሞድ ማድረግ ይሉታል፤ እኔ መፈትፈት እለው ነበር። መርከብ ውጪ በቆየች ቁጥር እንድትከብድ፣ ወደብ ገብታ ስታርፍ እንድትቀል አደርጋለሁ ብዬ ስፈተፍት ሰነበትሁ። በመጀመሪያው ሙከራ መርከቦቼ በሙሉ ወደ ኋላ ሄዱ። በሁለተኛው አንዷም ከወደብ አልነቃነቅ አለች። በመጨረሻ ግን ሆነልኝ፤ በዘይነብ በኩልም መርከቦቹ ከእንግዲህ ውሃ ይጠጣሉ ብዬ ላክሁባቸው። መልእክቱን ስታደርስ ሳቋን እንዴት እንደ ቻለችው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጋሽ ኢብራሂም ዓርብ ከሶላት በኋላ መጡ። ከዚያም መምጣት ልማድ አደረጉት። እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እለጥፋለሁ። አፍንጫዋን ቀና፣ ወገቧን ቀጠን፣ መድፉን ተወው። እግራቸው ከሐይቁ ካስቀራቸው ወዲህ አንዲት ታንኳ እንኳ ሠርተው አልጨረሱም ነበርና፣ የመጀመሪያዋ መርከብ ከወደብ ስትወጣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ገመድ እንደሚገምድ ሰው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ያን ካየሁ በኋላ ስለ ሽማግሌዎቹ ጉዳይ ለመጠየቅ አፍሬ ተውሁት። ለመርከቦቹም ስም አወጡላቸው። ትልቋን ጎርጎራ አሏት፣ ለእኔ ብለው ይመስለኛል። ትንሿን ደግሞ ወንዛዬ አሏት፤ እግራቸው ሲድን ወንዛዬ ወደሚባለው ፍል ውሃ ሄደው ሊነከሩ ይመኙ ነበር።

እርግጥ በሳቸው ሥርዓት ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም። ድል ልናደርግ ስንል ይመሻል፤ ሲመሽ ሁሉም ይገባል፤ በማግሥቱ ጠላት ምሽጉን አድሶ ይጠብቀናል።

አንድ ቀን ከሰዓት ግን የመጨረሻው ምሽግ ፊት ደረስን። ግንቡ ፈርሷል፤ አንድ ግፊት ብቻ ቀርቶታል። እኔ ወንበሬ ጫፍ ላይ ነኝ። ጋሽ ኢብራሂም ዘወር ብለው በመስኮቱ፣ በሚከፈተው መስኮት፣ ሐይቁን አዩ። ፀሐይ ውሃው ላይ ተኝታለች፤ ይብራዎች ዝቅ ብለው ወደ ማደሪያቸው ይበራሉ።

"መሸ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ምሽጉን አየሁት። እሳቸውን አየኋቸው። እሳቸው እኔን አላዩም፤ ለመግሪብ ሶላት ሊነሡ ዱላቸውን እየፈለጉ ነበር። ከዚያ በገዛ ጣቴ መርከቦቹን በሙሉ መለስኋቸው። እየከበዳቸው አንድ በአንድ ገቡ። ወንዛዬ ብቻ ስትቀር፣ ወደቡ አፍ ላይ ስትደርስ፣ መብራት ጠፋ።

ጋሽ ኢብራሂም በድንግዝግዙ ወደ ጨለመው ኮምፒውተር ጎንበስ አሉ።

"ገባች?" አሉ።

"አልገባችም ጋሼ።"

ዱላቸውን አግኝተው ተነሡ። "ሽማግሌዎችህን ላካቸው" አሉ ቀስ ብለው። "ወንዛዬን ግን ታስገባልኛለህ። ዕዳህ ናት።"

መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልተመለሰም። ጨዋታውም ከሱ ጋር ሄደ፤ ሌላ ሲዲ ብፈልግ አጣሁ። እኔና ዘይነብ በበጋው ተጋባን። እግራቸው ሲድን እውነተኛው ወንዛዬ ወሰድኋቸው። ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሲያመሰግኑኝ ነው ብዬ ጠጋ ብል፣ "ያችስ?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ በዒድም፣ በሰርግም፣ በሐዘንም ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታችን እሱ ነበር። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሳሉ እንኳ ድምፃቸው ደክሞ በቅንድባቸው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ሁልጊዜው፣ እየመጣች ነው አልኋቸው።

ጠጋኟ ልጅ ስልኩ እንደማይድን ነገረችኝ። ከመውጣቴ በፊት የራሷን መርከብ ወደብ እንድታስገባት ለመንኋት፤ የሽማግሌ ነገር ብላ አስገባችልኝ። ቤት ስገባ ዘይነብ ባዶ እጄን አይታ፣ "አቁመህ አደረቅኸው?" አለችኝ። አዎ ስላት ሳቋ ዓይኗን አረጠበው፤ ወደ ጓዳ ዘወር ብላ ጠረገችው።

አሁን ይህን የምጽፈው በረንዳችን ላይ ሆኜ ነው። ሐይቁ ላይ የቀሩት ጥቂት ታንኳዎች ወደ ዳር እየተጎተቱ ነው። ወንዛዬ ግን ወደቡ አፍ ላይ እንደ ከበዳት አለች። ለጋሽ ኢብራሂም አንዲት ታንኳ አለብኝ።