የጄኔራሉ ልጅ በአንኮበር

ደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የውጭ አገር ሰው ካገኘሁ አስጎበኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጀርመናዊ ደረሱኝ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለሁሉ ነገር ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው። አንኮበር የመጡት አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ፍለጋ ነው። «ቡናማ ወፍማ ደጃችንም ሞልቷል» ልላቸው ብዬ ተውኩት።

ጉሙ ግን የራሳችንን ጫማ እንኳ አላሳየን አለ። አፋፉ ላይ ተገትረን ሳለ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ገበሬ፣ «ኧረ ግቡ፣ ብርድ ሊፈጃችሁ ነው!» ብለው ቤታቸው አስገቡን። የገብስ ቆሎና አረቄ ቀረበ።

ሽማግሌው ጥያቄ ይወዳሉ። «አባትዎ ምን ነበሩ? ገበሬ?»

ተረጎምኩላቸው። እንግዳው ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ጄኔራል ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት» አሉ።

«ጄኔራል» የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ ሽማግሌው ከመደባቸው ብድግ! «የጄኔራል ልጅ ቤቴ ገብቶ ቆሎ ላቀርብ?» በግ ሊያሳርዱ ሲወጡ ለምነን መለስናቸው። መለኪያቸውን አንስተው መረቁ፦ «የጀግና ልጅ ጀግና ነው! አባትዎን ነፍስ ይማር፤ እንደሳቸው ያለውን ያብዛልን!»

«ጤና ይስጥዎ ነው የሚሉት» አልኩ።

«ለጤና ይህን ያህል ርዝመት?» አሉ እንግዳው ፈገግ ብለው።

አፈርኩና እውነቱን ነገርኳቸው። መለኪያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው የኔንም ሳትቆርጪ ተርጉሚልኝ።»

አባታቸው የወፍጮ ቤት ልጅ ነበሩ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ወታደር ሆኑ፤ በመጀመሪያው ጦርነት ቆሰሉ፤ ካርታ ማንበብ ይችሉበት ነበርና ማዕረግ በማዕረግ ላይ ተደረበላቸው። በሁለተኛው ጦርነት ክፍለ ጦር እየመሩ ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። እዚያ መንደሮች እንዲቃጠሉ ትእዛዝ ፈረሙ። ተማርከው ዓመታት ታሰሩ። ሲፈቱ ልጃቸው አላወቃቸውም። ከዚያ እስኪሞቱ ድረስ የፖም ዛፍ ሲከረክሙ ኖሩ።

«ስለ መንደሮቹ ስጠይቀው ‹ትእዛዝ ነበር› ብሎኝ ወደ ዛፎቹ ይሄዳል። በኋላ ወረቀቱን አገኘሁት» አሉ። «ፊርማው ያምራል።»

ሽማግሌው የዘገኑትን ቆሎ እንደያዙ ቀሩ። «መንደሮቹ ሰው ነበረባቸው?»

«ነበረባቸው።»

ቆሎውን መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ወደኔ ዞረው በቀስታ፣ «ንገሪያቸው ልጄ። ለአባታቸው የመረቅሁትን መልሻለሁ። እሳቸው ግን እንግዳዬ ናቸው፤ ይብሉ» አሉ።

አንድም ቃል ሳልቆርጥ ነገርኳቸው። እንግዳው አንገታቸውን ደፉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሲቆይ እጃቸውን ወደ ቆሎው ሰደዱ።

«ታዲያ» አሉ ሽማግሌው፣ «ፖሙስ ያፈራ ነበር?»

«በጣም!»

ለካ ሽማግሌው ከግብርና የተሰጣቸው አንድ የፖም ዛፍ አላቸው፤ ቅጠል እንጂ ፍሬ የማያውቅ። ሦስታችንም ጉሙ ውስጥ ወጣን። እንግዳው ቢላዋ ተቀብለው አንዱን ቅርንጫፍ ሲይዙ ሽማግሌው ጮኹ፦ «እሱንማ አይነኩብኝም!»

«ያለዚያ አያፈራም» አሉ እንግዳው። ተረጎምኩ።

«ትንሹን ይቁረጡ!» ተረጎምኩ።

በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንዲሁ ሲከራከሩ፣ እኔ መሐል ቆሜ ስተረጉም፣ ምሳ ሰዓት አለፈ።