ባለቤት ያጣው ግስ

ማስተር ብሪጅናንዳን ፕራሳድ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርኩ ይላል። ማስተማር እንዲህ ከሆነ ይሁንለት! ከሕንዷ ጋዚፑር ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ ከአትክልት ገበያው ጀርባ፣ ከዳዳን ሲንግ ሕንፃ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ክራቫት ያሰረበትን ፎቶ በሯ ላይ አስለጥፎ፣ ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶችን ያስጮኻል። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጋር ግን አውርቶ አያውቅም። አንዴ አንድ ፈረንጅ ጎብኚ ጋንጋ ወንዝ ዳር መንገድ ቢጠይቀው፣ ደንቆሮ መስሎ በእጁ እያመለከተ ነው ያመለጠው።

ትምህርቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። እሱ ይጠይቃል፣ እነሱ ይጮኻሉ።

«ኢንጁር ማኔ?»

«ቾት ፓሁንቻና!» እሱ «ኢንጁር» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ምን ማለት ነው ሲል፣ እነሱ በሂንዲ ጉዳት ማድረስ ማለታቸው ነው።

«ግስ ያለ ባለቤት?»

«ሬሳ ነው፣ ማስተር ጂ!»

ይህችን «ሬሳ» የምትለዋን ነገር ራሱ ስለፈጠራት እንደ ትልቅ ፍልስፍና ይኮራባታል። ሰርግ ቤት ሳይቀር ይደጋግማታል።

የሕንፃው ጠራጊ ኢማርቲ ደቪ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ደረጃውን ስትጠርግ ይህንኑ ጩኸት ስትሰማ ኖራለች። ማስተሩ እሷን ከመጥረጊያዋ ለይቶ አያውቃትም፤ ስሟን የሚያስታውሰው ሻይ ሲያምረው ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከመጥረጊያዋ የተነሣ አቧራ የሕንፃውን ባለቤት የዳዳን ሲንግን ነጭ ኩርታ ሸሚዝ ነካ። ሰውየውም እጇ የምድር ቤቱ ሱቅ ደፍ ላይ እንዳለ የብረት መዝጊያውን ቁልቁል ለቀቀባት። ሁለት ጣቶቿ ተቀጠቀጡ።

ያከመቻት ሐኪም ከኬራላ የመጣች ናት፤ ሂንዲ ትናገራለች እንጂ ስለማትጽፍ፣ ያየችውንና የሰማችውን በእንግሊዝኛ ጻፈችላት። የወረዳው ሹም ደግሞ እንግሊዝኛውን ራሱ እያነበበው፣ ደንብ ነው ብሎ «የሂንዲ ትርጉሙ እስከ ሐሙስ ካልመጣ አቤቱታሽን አልቀበልም» አላት። በሠፈሩ ትርጉም ከነማኅተሙ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ በተማሪ ሞልቶ ሳለ ገባች። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛለች።

«ማስተር ጂ፣ ይቺን ይተርጉሙልኝ። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።»

ማስተሩ ሲያነብ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወረቀቱ በግልጽ «ዳዳን ሲንግ ኢንጁርድ» ይላል፤ ዳዳን ሲንግ ጎዳት ማለት ነው። ይህን በሂንዲ ጽፎ ማኅተም ቢመታበት፣ ነገ ፎቶው ከነክራቫቱ መንገድ ላይ ይወረወራል፤ ክፍሏም ደህና ሰንብች። አልችልም እንዳይል ደግሞ ሠላሳ ተማሪ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ታዲያ ምን አደረገ? ጉሮሮውን ጠራረገ፣ መነጽሩን ወለወለ፣ ጻፈና አነበበላት፤

«በብረት መዝጊያ የኢማርቲ ደቪ ቀኝ እጅ ላይ ቾት ላጊ።»

እጇ ተጎዳ ማለቱ ነው። በቃ፣ ተጎዳ! ማንም የለበትም። መዝጊያው ራሱ አኩርፎ የወረደ ይመስላል።

«የጎዳኝ ሰው የታለ?» አለች ኢማርቲ።

«እንግሊዝኛው የሚለው እንዲህ ነው። ቋንቋ ረቂቅ ነገር ነው፣ አንቺ አይገባሽም።»

«ሐኪሟ ስትጽፍ እያነበበችልኝ ነበር እኮ። ስሙ አለበት።»

«ኢማርቲ! ትምህርት ላይ ነኝ፣ ውጪ!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! ግን አልወጣችም። ወደ ተማሪዎቹ ዞር ብላ፣ አገጯን እንደ እሱ ቀና አድርጋ ጠየቀች፤

«ኢንጁር ማኔ?»

ልማድ ሆኖባቸው ሠላሳውም ባንድ አፍ ጮኹ። «ቾት ፓሁንቻና!»

«ግስ ያለ ባለቤት?»

«ሬሳ ነው፣ ማስተር ጂ!»

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ በሳቅ ፈረሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማስተሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ላጊ» የሚለውን ሰርዞ «ፓሁንቻዪ» ብሎ ጻፈ፤ ጉዳት አደረሰ። በባለቤቱ ቦታ ግን፣ ወይ ወንድነት፣ «የሆነ ሰው» ብሎ አስገባ።

ኢማርቲ አስነበበችውና እንዲህ አለች፤ «የሆነ ሰው የሚባል ሰው እዚህ ሕንፃ ውስጥ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ጠርጌዋለሁ።»

«ትፈልጊያለሽ ወይስ ልቅደደው?»

«ማኅተሙን ይምቱበት» አለችው።

መታ። ስሙ በሐምራዊ ቀለም ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ማስተር ብሪጅናንዳን ፕራሳድ፣ ተርጓሚ። ተገላገልኩ ብሎ ውኃ ጠጣ።

የወረዳው ሹም ይዛለት የሄደችውን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንድ ጣቱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አሳረፈ። «ይሄ ዳዳን ሲንግ ይላል። ያኛው የሆነ ሰው ይላል። ማነው ጉዳቱን ያደረሰብሽ?»

«ዳዳን ሲንግ።»

«ይህን ትርጉም ያበላሸውስ?»

ኢማርቲ ፋሻ በሌለበት እጇ ማኅተሙን አሳየችው። አቤቱታዋ በዳዳን ሲንግ ስም ያንኑ ቀን መዝገብ ገባ።

በማግስቱ ለማስተሩ መጥሪያ ደረሰው። ተማሪዎቹ «ያንብቡልን እንጂ!» ሲሉት ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ በሂንዲ ስለሆነ መተርጎም አያስፈልገውም። «ማስተር ብሪጅናንዳን ፕራሳድ የተበዳይዋን ማስረጃ አዛብቷል» ይላል። ይህኛው ግስ ባለቤት አለው። በሩ ላይ ኢማርቲ በግራ እጇ ትጠርግ ነበር፤ አቧራው ጫማው ላይ ሲያርፍ ቀና ብሎ ሊቆጣት ፈልጎ አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው።