ማሽላው ሲደርስ ነው የምንዘጋው

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ መንግሥት «መንደር ምሥረታ» ብሎ ገበሬውን ከየኮረብታው አውርዶ አንድ ሜዳ ላይ በረድፍ በረድፍ ሊያሰፍር በተነሳበት ሰሞን። ትልቁ ድርቅ ካለፈ ብዙም አልቆየም። እኔ ከሐርቡ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የምኖር፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያዘልኩ ሴት ነበርኩ። ዛሬ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ተቀምጬ ጉልበቴን እያሸሁ ያን ጊዜ ሳስብ አንገቴ ቀና ይላል። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይሄን ግን ወላሂ አልረሳሁም።

ቤታችን ተረተሩ ላይ ነበር። የማሽላ ማሳችን ደግሞ ከሥር፣ ሜዳው ላይ። የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ቤቱን ድንጋዩ ላይ ይሠራል፣ አፈሩን ለእህል ይተዋል። አንድ ቀን ከአውራጃ የተላኩ ሰዎች ገመድና ችካል ይዘው መጡና ሜዳውን ለኩት። ችካሉን ማሽላው መሃል ተከሉት። አዲሱ መንደር እዚህ ነው ተባልን። ቤታችሁን አፍርሳችሁ፣ እንጨቱን ተሸክማችሁ ትወርዳላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ማሽላው ይታጨድና ቦታው ይጸዳል።

ማሽላው ገና ነበር። ፍሬ ይዟል፣ ግን ሲጨምቁት ወተት ነው። ያኔ ቢታጨድ ለከብት እንጂ ለሰው አይሆንም። ከድርቁ በኋላ ያየነው የመጀመሪያው ደህና አዝመራ ነበር እኮ! ዘሩን ከልጆቻችን አፍ ነጥቀን ነው የዘራነው። በዚያ ድርቅ ሁለት ልጅ የቀበረ ቤት ነበር፤ ሁሉንም የቀበረ ነበር። ቤቱስ ይፍረስ፣ ቤት ይሠራል። ያ እህል ከተቆረጠ ግን ለከርሞ ማን እንደሚተርፍ አላህ ነው የሚያውቀው።

ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ሞከሩ። ባሌ ሰይድ እጁን አውጥቶ «ጓዶች፣ እህሉ እስኪደርስ ብንታገስ» ቢል «አድኃሪ!» ተባለና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ወንድ የተባለ ሁሉ ዝም አለ። አልፈርድባቸውም፤ ጊዜው እንደዚያ ነበር።

ሥራውን የሚመራው ካድሬ ጓድ ካሳሁን ይባላል። የደሴ ልጅ ነው። ክርስቲያን ቢሆንም ከእስላም ጎረቤት ጋር አንድ ግቢ ያደገ፣ ሰው ሲያገኝ «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚል፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። የታዘዘውን ግን ይፈጽማል። የአጨዳው ቀን ሲደርስ ሴቱም ወንዱም ማጭድ ይዞ እንዲወጣ አደረገ። በማግስቱ አንድ ትልቅ ኃላፊ ከደሴ መጥቶ የጸዳውን ሜዳ ያያል ተብሏል። ስለዚህ ማሽላው በዚያች ቀን ማለቅ ነበረበት።

ጠዋት ማሳው ዳር ቆምን። የሰዉ ሁሉ ፊት ጠቁሯል። የገዛ እህሉን ሊያርድ የወጣ ሰው ምን ፊት ይኖረዋል! ጓድ ካሳሁን ይሄን አየና ልባችንን ሊያለሰልስ ፈለገ መሰለኝ።

«በሉ እናቶች፣ ሥራ ያለ ምርቃት አይጀመርም። ዱዓ አድርጉልንና እንጀምር» አለ።

ከሌላ አገር የመጣ ካድሬ ቢሆን ይሄን ባላለ ነበር። የወሎ ልጅ ስለሆነ ነው የተሳሳተው። እኛ ዘንድ እርሻም ይሁን ቤት፣ ሠርግም ይሁን መንገድ፣ ሳይመረቅ አይጀመርም፤ ይሄን ያውቃል። አንዴ ዱዓ ከተጀመረ ደግሞ መሪው «ፋቲሃ» ብሎ እስኪዘጋው ትቶ መነሳት ነውር ነው፤ ይሄንንም ያውቃል። ማን እንደሚመራው ግን አላሰበበትም።

አማቴ እማ ዘሀራ ዱበርቲ ነበሩ። ዱበርቲ የምንላቸው ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ሴቶቹን ሰብስበው ዱዓ የሚመሩ ትልልቅ ሴቶችን ነው። እማ ዘሀራ ቁመታቸው ከትከሻዬ አያልፍም። ድምፃቸው ግን ማዶ ያለ ሰው ይጠራል። ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና «ጀማው ይቀመጥ» አሉ። ተቀመጥን። እጃችንን ዘረጋን። ጓድ ካሳሁንም ኮፍያውን አውልቆ እጁን ዘረጋ።

እማ ዘሀራ ጀመሩ። ለዝናቡ ለመኑ፤ አሚን። ለከብቱ ለመኑ፤ አሚን። ላረገዘች፣ ለወለደች፣ ለመከነች፤ አሚን። መንገድ ለወጣ፣ ለታሰረ፣ ለዘመተ፤ አሚን። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ጓድ ካሳሁን ሰረቅ አድርጎ ሰዓቱን አየ። እማ ዘሀራ ለካ እያዩት ነው።

«ያረቢ፣ ለዚህ ልጅ ደግሞ መልካም ሚስት ስጠው!» አሉ።

«አሚን!» አልን። ሳቃችን ሊያመልጠን ነው። እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሚን» አለ። ሚስት አልነበረውማ!

እየቆየ ነገሩ ለሁሉም ገባው። ማንም ከማንም ጋር አልተነጋገረም፣ አልተጠቃቀሰም። ብቻ «አሚን» የሚለው ድምፅ እየወፈረ ሄደ። እማ ዘሀራ ሲደክማቸው ሌላዋ ዱበርቲ ተቀበለች፤ እሷ ሲደክማት ሌላዋ። ለሶላት ተነሳን፣ ሰገድን፣ ተመልሰን እዚያው ቁጭ አልን። «አልተዘጋም እኮ» ብለው እማ ዘሀራ ቀጠሉ። በመጨረሻ ጓድ ካሳሁን መጥቶ አጠገባቸው በርከክ አለ።

«እማ፣ አሁንስ ይበቃል። በሞቴ ይዝጉልኝ።»

«ልጄ፣ እንዴት ልዝጋው? ገና እናትህ ጋ አልደረስኩም» አሉት።

ምን ይበል? ለእናቴ ዱዓ አታድርጉ ይበል? ሄዶ ተቀመጠ። ፀሐይ ስትጠልቅ እማ ዘሀራ «ዱዓው ለነገ ያድራል» አሉና ሳንዘጋው ተነስተን ወደ ቤታችን ወጣን። ማሽላው ሳይነካ አደረ።

ዳገቱን ስንወጣ አንድ ነገር ከነከነኝ። «እማ፣ በዱዓ ሰው ማታለል አላህ ዘንድ ወንጀል አይሆንብንም?» አልኳቸው።

ቆም ብለው ተቆጡኝ። «ማንን አታለልኩ? ዝናብ አልፈልግም? ከብት አልፈልግም? ዛሬ ከልቤ ያልለመንኩት አንድ ነገር የለም። ልጁንም ቢሆን ሚስት ይስጠው ያልኩት ከልቤ ነው። የሚበላው እያጣ ሸሚዙ ሰፍቶት አላየሽም?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወርደን ገና ቁጭ ከማለታችን ላንድሮቨር መጣ። ኃላፊው ካኪ የለበሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ማሽላው ቆሞ፣ ሰዉ ተቀምጦ ሲያይ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ጓድ ካሳሁን «ዱዓ ላይ ናቸው» አለው። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲለው «ከትናንት» አለ። ሰውየው ጀማውን እየሰነጠቀ ገብቶ እማ ዘሀራ ፊት ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ! ይሄን ነገር መቼ ነው የምትዘጊው?»

እማ ዘሀራ እጃቸውን ሳያጥፉ ቀና ብለው አዩት።

«ማሽላው ሲደርስ» አሉት።

ከዚያ ከኋላ አንዷ «አሚን!» አለች። ወዲያው ሁሉም «አሚን!» አለ። ወንዶቹም ጭምር፤ ሰይድ የኔው እንኳ! ያ ስብሰባ ላይ የተዋጠ ድምፅ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። ጀርባዬ ላይ ያለው ልጅ ደንግጦ አለቀሰ።

የኃላፊው ጠባቂዎች እማ ዘሀራን በክንዳቸው ይዘው ላንድሮቨሩ ላይ ጫኗቸው። ሰዉ ሁሉ አጠገቡ ማጭድ አለው፣ ደሙ ፈልቷል። አንድ ሰው እጁን ቢያነሳ የሚሆነውን አስቡት። እሳቸው ናቸው ከመኪናው ውስጥ «ማጭድ የሚነካ ልጄ አይደለም!» ብለው የጮኹት። ማንም አልነካም። ጓድ ካሳሁንም አብሮ ገባ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ነጎደ።

አንቀልባዬን አጠበቅኩና ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለ ሰይድ።

«ኮምቦልቻ።»

«አበድሽ? በእግርሽ?»

«ታዲያ አንተ መኪና ልታቀርብልኝ ነው? እናትህ እኮ ናቸው!» አልኩት። ያኔም አፌ ስለት ነበር፣ ዛሬም ነው። ዘወር ስል ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው ሻሻቸውን እያጠበቁ ነው።

አስፋልቱ ይፋጃል። በመንገዳችን ያሉ ሰዎች ውሃ እያወጡ ሰጡን፤ ምን ሆናችሁ ብለው የጠየቁ ሴቶችም ነገሩን ሲሰሙ ተከተሉን። ትልልቆቹ ዱበርቲዎች እግራቸው አልችል ብሎ ሐርቡ ቀሩ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ቀኑ ዘንበል ብሏል። እማ ዘሀራን አስገብተዋቸዋል የተባለው ፖሊስ ጣቢያ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ተቀመጥን። እጃችንን ዘረጋን። ግን ማን ይምራ?

«ከድጃ፣ የሳቸው ምራት ነሽ፣ አንቺ ጀምሪ» አሉኝ።

እኔ? በሕይወቴ ዱዓ መርቼ አላውቅም! «ያረቢ፣ እማ ዘሀራን መልስልን» አልኩ። አሚን። ሌላ የምለው ጠፋኝ። እሱኑ ደገምኩት። አሚን። ደግሜ ደጋግሜ እሱኑ አልኩ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልመጣልኝም። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተው በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። መንገዱ ሞላ።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ መጣ። «እናቶች፣ መንገድ ዘግታችኋል፣ ተነሱ!» አለ። የሚነሳ ጠፋ። ዝቅ አለና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «እህቴ፣ ሴት ልጄ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ለሷም አንድ በሉልኝ» አለኝ። አልንለት። ከልባችን አልንለት። ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ተነሱ አላለንም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተከፈተና እማ ዘሀራ ወጡ። ጓድ ካሳሁን ክንዳቸውን ደግፏል። በኋላ እንደነገሩን፣ ኃላፊው ፊት ቆሞ «ዱዓውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር» ብሏል። ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ መናገር ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ኃላፊው ከኋላቸው ብቅ አለና የሞላውን መንገድ አየ። ከዚያ «ሲደርስ አጭዳችሁ ጨርሱ! ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልጨምርም! አሁን ከፊቴ ጥፉ!» አለ። ሕዝቡን ፈርቶ ይሁን ወይ ልቡ ራርቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እልል ስንል ከተማው ተነቃነቀ። ያን ሌሊት የኮምቦልቻ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እየተሻማ ወስዶ አሳደረን።

ማሽላው ደረሰ። አጨድን፣ ወቃን። አውድማው ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ እማ ዘሀራ ዱዓውን በፋቲሃ ዘጉት። ጓድ ካሳሁን ከቦታው ተነስቶ ሩቅ አገር ተላከ፤ በሱ ጉዳይ ሁላችንም አዘንን። ኋላ ግን ሚስት አግብቶ፣ እማ ዘሀራን ላሳይ ብሎ ይዟት መጣ። እማ ዘሀራ ከላይ እስከ ታች አዩአትና «አላህ ሰምቷል» አሉ።

መንደሩስ ቀረ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልቀረም። ቤታችንን አፍርሰን ወረድን፣ አልቅሰን ነው የወረድነው። ግን ችካሉ ተነቅሎ ወደ ድንጋያማው ዳር ሄዶ ነበር፤ ማሳችን ላይ አንድ ጎጆ አልቆመም። ጊዜው ላላ ሲልም እያንዳንዱ የራሱን እንጨት ተሸክሞ ወደ ተረተሩ ተመለሰ።

እማ ዘሀራ ካረፉ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። በሕይወት ሳሉ አንዴ «እማ፣ ያን ሰውዬ ፊት ለፊት ሲመልሱለት አልፈሩም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሳቁብኝ። «ፈርቼ ነው እንጂ! ባልፈራ ኖሮ ዱዓውን ያን ያህል አስረዝመው ነበር?» አሉኝ።

እኔም ፈርቼ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ፈርቶ ነበር። እየፈራን ተቀመጥን፣ እየፈራን ሄድን። ያን ጊዜ ያዘልኩት ልጅ በዚያ ዓመት የዚያን ማሽላ ገንፎ በልቶ ነው በእግሩ የቆመው። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ በሬን ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር ከራስ እስከ እግሩ አየዋለሁ። «ምን ታዪኛለሽ?» ይለኛል። «ቁጭ በል» ብዬ ገንፎ አቀርብለታለሁ። ጉራ ነው ካላችሁኝም፣ አዎ፣ ጉራ ነው። ይገባናል።