ጌጃ ሰፈር የሰነበተችው ጀልባ

መብራት በጠፋ ቁጥር ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ ትንሿን ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላለት ዓይነት ነው። ሰማያዊ ጭሱ በደረጃው እየተሳበ አራተኛ ፎቅ ይደርስና በመስኮቴ ይገባል። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው ይራገማሉ፤ እኔ ግን መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ እቆማለሁ። ልጄ "እማ፣ ምን ሆነሻል? ዝጊው እንጂ!" ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ያ ሽታ ለእኔ የጀልባ ሽታ ነው። ልደታ ላይ ጀልባ ከየት መጣ የምትሉ ከሆነ፣ ያኔም ሰፈሩ በሙሉ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ እዚሁ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ብየዳ ቤት ነበረው። በር፣ መስኮት፣ የመቃብር አጥር፣ ያገኘውን ይሠራ ነበር፤ የእሱን በር በሬም አይገነጥለውም ይባል ነበር። እኔ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሼ ሥራ የምጠብቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጠበቅሁ ማለቱ ይቅር፤ ቁጭ ብድግ ስል ነው የከረምኩት። ሁለት ደቂቃ አንድ ቦታ መቆየት አልችልም ነበር። ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሹን ሲጀምር እነሣና አባቴን ተከትዬ እሄዳለሁ። ብየዳ ተምሬያለሁ፣ ወረቀቱም አለኝ፤ እሱ ግን መበየጃውን አያስነካኝም። ለኪ፣ ሜትሩን አንብቢ፣ በጠመኔ አስምሪ፣ ቀለም ቀቢ ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ለምን ተማርኩ ታዲያ?" ስለው "አንቺ ዓይንሽን ለወረቀት አስቀምጪ" ይለኛል።

በሴትነቴ የናቀኝ ይመስለኝና እበግናለሁ። የናቀኝን ያህል ደግሞ ከአጠገቡ አያርቀኝም፤ ቁጥር የማነበው እኔ፣ ቡሎን ፈልጌ የማቀብለው እኔ፣ የደንበኛ ወረቀት የማነብለት እኔ። ያን ሁሉ ስንፍናና ኩራት አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ልጅነት ዓይን እያለው አያይም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ አሮጌ የጭነት መኪና የብረት ጀልባ ተሸክሞ፣ በዚያ ጠባብ መንገዳችን ወደ ኋላ እየተሳበ ገባ። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ከኋላው ናቸው። ከዝዋይ ሦስት ሰዎች አብረው መጡ፤ ሁለቱ ወጣቶች ሲሆኑ ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጀልባዋ የማኅበራቸው ናት። በሆዷ የነበረው የናፍጣ ሞተር ሞቷል፤ መለዋወጫው ከአገር ጠፍቷል። ማኅበሩ ደጅ ጠንቶ፣ ደጅ ጠንቶ ሌላ ሞተር አግኝቷል፤ ችግሩ ያኛው ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ዓይነት መሆኑ ነው። የዚች ጀልባ የኋላ ግድግዳ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም።

"ግድግዳዋን ቆርጠን ዝቅ ብናደርገው ማዕበሉ በዚያው ይገባብናል" አሉ ዓሣ አጥማጁ። "ከውጭ ኋላዋ ላይ የብረት ሳጥን ይበየድልን። ሞተሩ እሱ ላይ ይታሰራል። ሳጥኑ ግን ዙሪያው ድፍን ይሁን፤ ውስጡ አየር ብቻ። ያ አየር ነው ሞተሩን የሚሸከምልን።"

ሁዳዴ ሳይገባ መድረስ አለበት። በጾም አዲስ አበባ ዓሣ ስትፈልግ ማኅበሩ ያለ ጀልባ ከቀረ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። አባቴ ሳጥን ነው ሲባል እንደ ቀላል ነገር አይቶት "በሦስት ሳምንት ውሰዱት" አለ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ አባቴን ኖኅ አለው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲያልፉ "ኖኅ፣ እንዴት አደርክ? ውኃው መቼ ነው?" ይሉታል። አንዷ ጎረቤታችን ባልዲዋን ይዛ "መጀመሪያ ለቧንቧችን ይምጣልን እንጂ!" አለችና ሰፈሩን አሳቀችው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር መጥቶ ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። "ጓድ፣ ይህ ነገር ለምን ዓላማ ነው?" ሲል አባቴ ፊቱን ሳያጠቁር "ለዓሣ ነው ጓድ ሊቀ መንበር፤ ጾም አይገባም እንዴ?" አለው። ሊቀ መንበሩ የአብዮት ሰው ሆኖ መጾሙን በይፋ መናገር ስለማይችል መንገዱን ቀጠለ።

ዓሣ አጥማጁ ጀልባዋን ጥለው አልሄዱም። ወጣቶቹን መልሰው እሳቸው ቀሩ፤ በቀን አንዴ እጃቸውን ጎኗ ላይ ያሳርፋሉ። ምሳቸውን እኛ ቤት ይበላሉ። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ልደታ ላይ እንዴት እንደሚጨንቀው ያየሁት በእሳቸው ነው። እኔም ከዚያች ግቢ መውጣት አምሮኝ ስለነበር ቦታችን የጠፋብን ሁለት ሰዎች ተግባባን።

ሳጥኑ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። አባቴ ላሜራውን ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ዙሪያውን በየደው። መስመሩ ሲያዩት ያምራል፤ እኩል፣ የተጠለፈ ይመስል የተደረደረ። ዓሣ አጥማጁ ለረጅም ጊዜ አዩትና "ጀልባዋ ላይ ሳይገጠም እንሞክረው" አሉ።

አባቴ ደሙ ፈላ። "ሠላሳ ዓመት በየድኩ። የእኔ ሥራ ተፈትሾ አያውቅም!"

እሳቸው ወደ ጀልባዋ ተመለሱ። በማግስቱ አባቴ ለእድር ቀብር ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ ግን ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ በር ቢያፈስ የሚገባው ንፋስ ነው። ይህ ሳጥን ካፈሰ ግን ጀልባዋን ከኋላዋ ይዞን ነው የሚወርደው። እኔ ገመድ ልገዛ ተክለ ሃይማኖት ደርሼ እመለሳለሁ" አሉና ሄዱ።

እኔም አላስቻለኝም። አጠገባችን ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ የሚለጥፍ፣ ወሬ የማያልፈው። "ጋሼ፣ አየር ስጠኝ" አልኩት። ሳጥኑ ሥር ለማፍሰሻ የተተወች፣ በቡሎን የምትዘጋ ቀዳዳ ነበረች። እዚያ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ የአየር መሙያ አፍ በጎማ ጠቅጥቆ ገጠመና ከኮምፕሬሰሩ ቀስ እያለ አየር ሞላበት። እኔ የሳሙና አረፋ በጨርቅ እየነከርኩ የብየዳውን መስመር አለበስኩት።

በሦስቱ ጎኖች ምንም የለም። በአራተኛው ጎን አረፋው መፍላት ጀመረ። አንድ ቦታ አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ፍስስስ የሚል ቀጭን ድምፅ። አረፋውን ጠርጌ ጎንበስ አልኩ። ሁለቱ ላሜራዎች የሚገናኙበት ስንጥቅ አንድ ቦታ ነው፤ የአባቴ ብየዳ ደግሞ ከእሱ በጣት ስፋት ርቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ተቀምጧል። እጁ ሥራውን አልረሳም። መስመሩን ግን አላየውም።

ጎሚስታው ራሱን እየነቀነቀ "አላወቅሽም እንዴ?" አለኝ። "ባለፈው እጄን አውለብልቤ ሰላም ስለው ዝም አለኝ። ስጠራው ነው በድምፄ የለየኝ።"

ሜትር አንብቢልኝ ማለቱ፣ ቡሎን አቀብዪኝ ማለቱ፣ ዓይንሽን አስቀምጪ ማለቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶ ፊቴ ላይ ተደረደረ። እንዴት አፈርኩ! ሁለት ዓመት ሙሉ እየተቀየምኩት፣ አጠገቡ ቆሜ እያቀበልኩት፣ አባቴ እየታወረ እንደሆነ አላየሁም።

ምን ላድርግ? ብናገር አባቴ በሰፈሩ ፊት ዋጋ አይኖረውም፤ ዓይኑ ለማያይ በያጅ ሥራ የሚሰጥ የለም። ዝም ብል ሦስት ሰዎች ሐይቅ መሀል ናቸው። ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ ጎሚስታው "አዞርሽኝ እኮ፣ ወይ ቁሚ ወይ ሥሪው!" አለኝ።

ግራይንደሩን አነሣሁ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ መበየዱ አይደለም። ያን የመሰለ ሥራ፣ የአባቴን እጅ፣ በእሳት ብልጭታ እየፋቅሁ አነሣሁት። እንባዬና ላቤ ተቀላቀለ። ከዚያ ማስኩን አጠለቅሁ። የእሱ ስለሆነ ትልቅ ነው፤ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ብዙ ጊዜ ያለ እሱ በየድኩ። የጋለው ብረት ሽታና የኤሌክትሮዱ ጭስ ጉሮሮዬን ያዘው። እጄ ልማድ ስለሌለው ብየዳዬ ተወላገደ፤ እዚህ ወፍሮ፣ እዚያ ቀጥኖ፣ የተማሪ ሥራ ሆነ። አየሩን መልሰን ስንሞላ ግን አረፋው ፀጥ አለ። አንድ ቦታ እንኳ አልተነፈሰም።

አባቴ ከቀብር ሲመለስ ዓሣ አጥማጁም ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ገቡ። ቀለም ቀብቼ ልሸፍነው አስቤ ነበር፤ አልደረስኩም። አባቴ እንደ ልማዱ ሳጥኑን በጣቶቹ ዳበሰ። በሦስቱ ጎን አለፈ። አራተኛው ጎን ላይ ጣቶቹ ቆሙ። ወደ ኋላ መለሳቸው፣ እንደገና አስኬዳቸው። ጎሚስታው ጎማውን የሚያጥብ መሰለ።

"አለቀ ወይ?" አሉ ዓሣ አጥማጁ።

"አልቋል" አለ አባቴ። "ይህን ጎን የበየደችው ልጄ ናት።" ጣቱን ከብየዳዬ ላይ አላነሣም። "ትንሽ ይሻክራል። ግን ቦታው ላይ ነው።"

ማምሻውን ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል መቃጠል ጀመረ፤ ያለ ማስክ የበየደ ሰው የሚያገኘው ነው። አባቴ ድንች በስሱ ቆርጦ መጣና አስተኝቶኝ ዓይኖቼ ላይ አደረገልኝ። ቅዝቃዜው ደስ ይላል። "የከለከልኩሽ ይህን ፈርቼ ነበር" አለኝ። ላየው አልቻልኩም፤ እጁ ብቻ ግንባሬ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ሳጥኑን ጀልባዋ ላይ የገጠምነው አብረን ነው፤ እሱ ያዘ፣ እኔ በየድኩ። ከዚያ ጀልባዋ እንደ አመጣጧ በመኪና ስትመለስ ዓሣ አጥማጁ "ሠሪዎቹ ሳይቀምሷት አትንሳፈፍም" ብለው ግድ አሉን። ቀበሌው የጉዞ ወረቀት ጻፈልንና ዝዋይ ወረድን። ሐይቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሞተሩ ሳጥኑ ላይ ታሰረ፤ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅለው ሞሉት። ሲነሣ ያ ሰማያዊ ጭስ ፊታችን ላይ ተበተነና ጀልባዋ ተፈናጥራ ወጣች። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና አለ፣ ከዚያ ተስተካከለች። ዞረን ዞረን ዳር ስንመለስ ዓሣ አጥማጁ ውኃው ውስጥ ወርደው ጀልባዋን ወደ አሸዋው ጎተቱ፣ የማፍሰሻዋን ቡሎን ፈቱ፣ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ደረቅ ነበር። ጣታቸውን ለአባቴ ዘረጉለት፤ እሱም ነካው። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ዘልዬ አሸዋው ላይ ተንከባለልኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው እኮ።

"እስቲ አንዴ ደግሞ፣ ወደ መሀል" አለ አባቴ።

ወጣን። እሱ ከእኔ ጎን ተቀምጦ አንድ እጁን ውኃው ውስጥ ነከረ። ዓሣ አጥማጁ ከኋላ ሞተሩን ይዘዋል። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር። ማዶው ፊት ለፊታችን ነው፤ ተራራው ከነግራሩ፣ ውኃ ሊጠጡ የወረዱት ከብቶች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አባቴ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ብዙ ቆየ። ዓይኖቹን ጨፈነ፣ ከፈተ፣ እንደገና ጨፈነ።

"ማዶው ምን ይመስላል?" አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ፀሐይዋ ግንባራችንን ትፈጀዋለች። እኔ ግን ዋሸሁት።

"ጭጋግ ነው አባዬ። ማዶው አይታይም።"

ትንፋሹን ረጅም አድርጎ ለቀቀ። ትከሻው ላላ።

"እንግዲያ እኔ ብቻ አይደለሁማ" አለ።

ዓሣ አጥማጁ ማዶውን አዩ። እኔን አዩኝ። የሞተሩን እጀታ ዘወር አድርገው ፀሐይዋን ከአባቴ ፊት ላይ አነሷትና ከኋላችን አደረጓት።

"አዎ ወንድሜ" አሉት። "ዛሬስ ጭጋጉ ብሷል።"