ጀሪካኑ ላይ የሚቀመጠው

ሐርጌሳ እስር ቤት፣ አማርኛ የምንናገረውን ለይተው ባጎሩበት ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። በሩ አጠገብ ከወሎ የመጡት ግንበኛ ሽማግሌ፤ ልጃቸው በአገር ቤት ጦርነት ሞቶባቸዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ድሬዳዋ ያደገው የባጃጅ ሹፌር። ግድግዳውን ተደግፎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰው የሐርጌሳ ልጅ፣ የታሪክ መምህሩ። አራተኛው እኔ ነኝ፣ የልስን ሠራተኛ። የታሰርኩት እዚያ የሚካሄደው ጦርነት ይብቃ የሚል ጽሑፍ በስልኬ ስላሰራጨሁ ነው።

መቀመጫችን አንድ የተደፋ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነበር። ከዓስር ሶላት በኋላ ታሪክ የሚያወራ ሰው ይቀመጥበታል። መምህሩ እስኪመጣ ድረስ ቦታው የእኔ ነበር። በመጣ በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ እየሳቀ፣ «ተነስ እስቲ፣ ዛሬ ደግሞ የተማረ ሰው ይቀመጥ» አለኝ። ተነሳሁ።

መምህሩ ያወራው አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ስለነበሩ ሰባኪዎች ነው። ወታደር ሊዘምት ሲል ሰባኪው ፊቱ ቆሞ፣ ጦርነቱን የሚመራው እግዚአብሔር ነው፣ አንዲት ጥይት እንኳ ያለ ፈቃዱ አትወድቅም ይል ነበር አለን። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ሹፌሩ ጥፍሩን መንከሱን ተወ። እኔ ሳወራ አንድም ቀን ትቶ አያውቅም።

«ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የጾም ቀን ያውጃሉ» አለ መምህሩ።

ስህተት ነበር። ኮድቡር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ስለስነው ከነበረ ቤት የተጣለ፣ ስለ እነዚሁ ሰባኪዎች የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንስቼ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አንድ ዓመት ሙሉ አንብቤዋለሁ።

«ተሳስተሃል» አልኩ። «ሲያሸንፉ የምስጋና ቀን ነው። የጾም ቀን የሚያውጁት ሲሸነፉ ነው። የተሸነፍነው ለኃጢአታችን ቅጣት ነው ይላሉ።»

«ወላሂ መምህር፣ ለሳኙ ጣለህ» አለ ሹፌሩ።

ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ሽማግሌው እስኪናገሩ ነው።

«እንግዲያ የእኔ ልጅ የሞተው በኃጢአቴ ነው በሉኛ?»

መልስ ፈለግኩ። መምህሩ ቀደመኝ።

«አላውቅም አባባ» አለ። «ሰባኪውም የሚያውቅ አይመስለኝም። ስለ ጾሙ ቀን እኔ ተሳስቻለሁ፣ እሱ ልክ ነው። ይሄን ግን አላውቅም።»

በሰው ፊት መሳሳቱንም አለማወቁንም ተናገረ፤ ድምፁ አልተለወጠም። ከትምህርቱ ይልቅ በዚህ ቀናሁበት።

ከጀሪካኑ ተነስቶ «ያንተ ነው» አለኝ። ተቀበልኩት። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩና ሽማግሌው አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እኔም አላውቅም አባባ» አልኩ። «ይቀመጡና ስለ ልጅዎ ያጫውቱን።»

እስከ መግሪብ አዛን ድረስ አወሩ።

አሁን ተፈትቼ እዚያው ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ያው ልስን ነው። የሚያውቅ ሰው ሲያወራ ስሰማ ዛሬም መጀመሪያ የምፈልገው ስህተቱን ነው። የዚያን ቀን ነገር፣ የጀሪካኑ እጀታ መሰንጠቁ እንኳ ሳይቀር፣ ጽፌዋለሁ። ሽማግሌው ስለ ልጃቸው መጀመሪያ ያሉትን ግን አልያዝኩም፤ ያን ጊዜ የማየው የመምህሩን ፊት ነበር። በዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ ሽማግሌው ያሉትን ንገሩኝ። በደብተሬ ላይ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።